ያስገዘተው ሰው

ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ አንድ ወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ይባል እንጂ ዋናው ሥራዬ ዕቅድ መጻፍ ነው። የዓመት ዕቅድ፣ የሩብ ዓመት ዕቅድ፣ የዕቅድ ክለሳ፣ ከዚያ የአፈጻጸም ሪፖርት፣ ከዚያ እንደገና ዕቅድ። ይህን ሥራ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው የዓምናውን ፋይል ከፍቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መቀየር ይለምዳል። እኔም ለምጄ ነበር። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ችግኝ ስታስተክል ዝናቡ የሚቀርበት፣ ሲመጣ ደግሞ በረዶ ይዞ የሚመጣበት አገር ላይ ተቀምጦ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ማኅበረሰብ እንፈጥራለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ መተየብ ያደክማል።

የምነግራችሁ ነገር በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ ሰኞ ቀትር ላይ አለቀ። ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። ያን ጊዜ አርባ ዓመቴን ልደፍን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ ጡረታ ለመውጣት ግን የተዘጋጀሁ ሰው እመስል ነበር።

ክፉ ዓመት ነበር። ያለፈው ክረምት ምድሩ ሳይጠግብ ወጣ። የደረሰውን ሰብል በረዶ መታው። ገበሬው ለከብቱ ያከማቸው ገለባ ገና በየካቲት አለቀ። በግንቦት የሚጠበቀው ዝናብም ዝር አላለም። «እንግዲህ ዝናቡ ቢመጣስ ማን ሊያርስ ነው? በሬው ራሱን መሸከም አቅቶታል» ይባል ነበር በየገበያው። የወረዳው ምክር ቤት የአየር ንብረት ለውጥ ምላሽ ዕቅዱን ለማጽደቅ የተሰበሰበው በዚህ መሐል ነው። አቅራቢው እኔ ነበርኩ።

አዳራሹ ከየቀበሌው በመጡ ተመራጮች ሞልቷል። ፕሮጀክተሩን እንደከፈትኩ መብራት ጠፋ። ማንም አልተገረመም። ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የማነበውን እኔም አልሰማሁትም፤ አዳማጩም አልሰማኝም። ከፊት የተቀመጡት የታሸገ ውኃ ይጠጣሉ፣ ከኋላ ያሉት ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ወለሉን ያያሉ።

ከዕቅዱ ውስጥ ግን አንድ የምኮራበት ገጽ ነበረኝ። የወንበሬ ተራራ ገጽ።

ወንበሬ የቀበሌውም የተራራውም ስም ነው። ተራራው ተግጦ ተግጦ ድንጋዩ የቀረ፣ በግጦሹም የተነሣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ዱላ የሚማዘዙበት ቦታ ነበር። በሌሎች ቀበሌዎች ተራራ ስንዘጋ ጥበቃ እንቀጥራለን፤ ጥበቃው የአንዱ አማች የሌላው አበልጅ ስለሚሆን ከብት በቀን ይገባል። ወንበሬ ላይ ግን ከጉባኤው ሁለት ዓመት በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ቄስ አድማሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በሐምሌ ከቤታቸው ሄጄ «አባ፣ ተራራውን ይገዝቱልኝ» አልኳቸው።

«እስከ መቼ?» አሉኝ።

«ሣሩ ደርሶ እስኪታጨድ። በጥቅምት ራሴ መጥቼ ለላይና ለታች ሰፈር ድልድሉን አወጣለሁ። ያን ጊዜ ይፈቱታል።»

ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ እኔንም አጠገባቸው አቁመው፣ «ይህ ሰው መጥቶ አካፍሉ እስኪል ድረስ ከዚህ ተራራ አንዲት ሰበዝ የነቀለ የተገዘተ ይሁን» ብለው ገዘቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሬ ላይ ከብት አልወጣም፣ ማጭድ አላረፈም። ያለ አጥር፣ ያለ ጥበቃ፣ ያለ ቅጣት! ፎቶግራፉን በየሪፖርቱ ሽፋን ላይ አደረግነው።

«ስለዚህ» ብዬ ገጹን ገለጥኩ፤ «በወንበሬ የታየውን መልካም ተሞክሮ በሁሉም ቀበሌዎች ለማስፋት ታቅዷል።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ለብሷል።

«የሻረግ እባላለሁ፤ የወንበሬ ተመራጭ ነኝ» አሉ። «ሌላውን ከማስገዘታችሁ በፊት የእኛን አስፈቱልን።»

አፈ ጉባኤው «አልገባንም፤ እስቲ ያብራሩት» አሉ።

«ምኑ ይብራራል? ተራራው ሣር ተሸክሞ ቆሟል፤ ከብቶቻችን ከሥሩ ቆመው እያዩት ያልቃሉ። ቄሱ የገዘቱት ያስገዘታቸው ሰው መጥቶ አካፍሉ እስኪል ነው። ሰውየው በጥቅምት እመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ ሁለት ጥቅምት አለፈ። ሦስት ጊዜ ወረዳ መጣን፣ ፊልድ ወጥቷል ተባልን። ደብዳቤም ጻፍን። አሁን ደግሞ ቄስ አድማሱ አልጋ ላይ ናቸው፤ ትናንት ቆርበዋል። ሳይፈቱ ቢያርፉ ማን ይፈታልናል? የእኔ በሬ ከሐሙስ ጀምሮ ወድቋል። ሰው እየደገፈ ነው የሚያነሣልኝ። እሱን ጥዬ ነው የመጣሁት።»

አንድ ሰው ከመሐል «ሀገረ ስብከት ሄዶ ማስፈታት አይቻልም?» አለ።

«ደብዳቤ እስኪመላለስ በሬ ይጠብቃል?» አሉና ዓይናቸውን በአዳራሹ ላይ አዞሩ። «ደሳለኝ የሚባል ሰው ነው አሉ። እኔ ያን ሰሞን ለቅሶ ሄጄ ነበር፣ መልኩን አላውቀውም። እዚህ ውስጥ ካለ አሳዩኝ።»

ደሳለኝ እኔ ነኝ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ጥቅምት ምን ነበር? የመጀመሪያው ጥቅምት ለሥልጠና ባሕር ዳር ነበርኩ። ስመለስ መዋቅር ተቀይሮ፣ ጠረጴዛዬ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውሮ ጠበቀኝ። ሁለተኛው ጥቅምት? ሁለተኛውን አላስታውሰውም። ደብዳቤውን ግን አስታወስኩት። «ጉዳዩ፦ ግዝት እንዲነሣልን ስለመጠየቅ» ይላል። ከዚያ በታች አላነበብኩም። ተራራውን ሊያስግጡት ፈልገው ነው ብዬ፣ ሰው መቼም መልካም ነገር አይወድም ብዬ በልቤ እየተማረርኩ «በፋይል ይቀመጥ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዓይኔን አየኝና ለአፈ ጉባኤው «ያ ባለሙያ የተቀየረ ይመስለኛል» አለ። ሊያድነኝ ነው። ዝም ብል አልፌ ነበር። ዝም ልልም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አፌን የከፈተው ጀግንነት አይደለም። ሴትየዋ ኃላፊውን ሰምተው እንደለመዱት ዓይነት ራሳቸውን ነቅንቀው ሊቀመጡ ሲሉ አየሁ። ያ አቀማመጥ ነው ያላስቻለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እትዬ የሻረግ ቀና ብለው አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አንተ ነህ? እንግዲያው ተነሥ። ጀምበር ሳትጠልቅ እንድረስ» አሉኝ።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ነዳጅ አልነበረውም። ጠጠር መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። እትዬ የሻረግ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና ፊት ፊት ሄዱ። እኔ እያለከለክሁ ተከተልኳቸው። መስኩ ሁሉ ገርጥቷል። የወንዝ መሻገሪያው ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

«ዳማ ነው ስሙ» አሉኝ ሳይዞሩ። ስለ በሬው መሆኑ ገባኝ። «ባለቤቴ ከማረፉ በፊት የገዛው ነው። እኔ አንድ በሬ ነው ያለኝ፤ ጎረቤቴ መኳንንትም ቦራ የሚባል አንድ በሬ አለው። በመቀናጆ ነው የምናርሰው፤ አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን። ዳማ ከሞተ ቦራም ብቻውን ነው። አንድ በሬ አያርስ።»

«ይተርፋል፣ እትዬ።»

«አንተ ሐኪም ነህ?» አሉኝ።

ብዙ ከሄድን በኋላ ቆመው እስክደርስባቸው ጠበቁኝና «ደብዳቤያችን ደርሶህ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላስታውስም» አልኩ።

ለአፍታ ፊቴን አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያቺ ውሸት እስከ ማግስቱ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ወንበሬን ከጉብታው ላይ ሆነን አየነው። በሪፖርቴ ሽፋን ላይ ያለው ተራራ ነው፤ ነገር ግን ፎቶግራፉ የተነሣው ከመሐሉ ወደ ላይ ስለነበረ ሥሩን አላሳየም። ወገብ የሚደርሰውን የደረቀ ሣር ነፋስ ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል። ከሥሩ የቀበሌው ከብት ቆሟል። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። አፋቸውን ወደ ተራራው አድርገው ቆመዋል፤ ሁለት ሴቶች በዱላ እየመለሱ ያርቋቸዋል። አጥር የለም። ገመድ የለም። አንድ እርምጃ ቢራመዱ ሣር ነው። ሴቶቹ ራሳቸው የሚመልሱት የራሳቸውን ላሞች ነው።

«አንድም ሰው አልሞከረም?» አልኩ።

«ምን ሊሞክር? ተገዝቷል እኮ!» አሉኝ ጥያቄዬ ገርሟቸው።

በእሳቸው በር በኩል አለፍን። ዳማ ከቤቱ ጥግ ተኝቷል። ቀይ በሬ ነው፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቋል። መኳንንት፣ ያ ጎረቤታቸው፣ በጣሳ ውኃ አፉ ውስጥ ያንጠባጥብለታል። እትዬ የሻረግ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ግንባሩን ዳሰሱት። «ቆይ ትንሽ፣ ዳማዬ» አሉት፤ «ሰውየው መጥቷል።»

እኔ ነኝ ሰውየው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ቄስ አድማሱ ቤት ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ ትራሱን ከፍ አድርገው ደግፈዋቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ያየኋቸው ግዙፍ ሰው አልቀዋል። መስቀሉን ተሳለምኩ።

«ማን ነህ?» አሉኝ።

«ደሳለኝ ነኝ፣ አባ፤ ከወረዳ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ያስገዘትኸኝ?»

«አዎ፣ አባ።»

«በጥቅምት እመጣለሁ ብለኸኝ አልነበረም? ጥቅምት የት ዋለ?»

ለሃያ ዓመት ያህል የተማርኩት ቋንቋ በራሱ ወጣ። «አባ፣ የመዋቅር ለውጥ ተደርጎ ነበር፤ በዚያ ምክንያት የክትትልና የቅንጅት ክፍተት…»

እጃቸውን አነሡ። «እሱን ለወረዳህ ንገር። ለእኔ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ንገረኝ።»

እማማ ዘውዴም፣ እትዬ የሻረግም ያዩኛል።

«ረሳሁት፣ አባ።»

ቄሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። አልተቆጡም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ ይሉ ነበር አባቶቻችን» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም እኮ እያየሁ ነበር፤ የከብቱን ጩኸት ከዚህ ተኝቼ እሰማለሁ። ግን ድልድል ሳይወጣ ብፈታው ላይና ታች ሰፈር ተፋጅተው ሰው ይሞት ነበር። ከሰው ከብት ይሙት ብዬ ያዝኩት። ደግሞም ይመጣል ብዬ አመንኩህ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይህችኑ ቃል ለሕዝቡ ትላታለህ። እኔም እፈታለሁ።»

«አባ» አሉ እትዬ የሻረግ፤ ከበሩ ሥር ተንበርክከው ነበር። «ዛሬ ቢፈቱትስ? ዳማ የሚያድር አይመስለኝም።»

«የሻረግ ልጄ፣ በጉባኤ ያሰርኩትን ለአንድ ሰው ጆሮ አልፈታም። ዛሬ ላንቺ ብፈታልሽ ነገ ሌላው ምን ይለኛል? ታገሺኝ። እኔም እስከ ነገ ለመቆየት እታገሣለሁ።»

እትዬ የሻረግ ከተንበረከኩበት ተነሡ። መስቀል ተሳልመው ወጡ።

ከደጅ ስንወጣ «ማጭድ ስጡኝ» አልኳቸው። «አንድ ሸክም ልጨድ። ያስገዘትኩት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«አንተም ከጉባኤው መሐል ቆመህ ስትገዘት ነበር አሉ» አሉኝ። «ደግሞ ዳማን እርም ላበላው ነው?»

ያን ሌሊት አልተርክላችሁም። መኳንንት ቤት አደርኩ። ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ በመጀመሪያ ያዳመጥኩት ከቄሱ ቤት በኩል ለቅሶ ይሰማ እንደሆነ ነበር። አልተሰማም።

እሑድ ጠዋት አራት ሰዎች ቄስ አድማሱን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጧቸው። በቅጽሩ ውስጥ ከጥዱ ሥር አስቀመጧቸው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ማለቱን እያየሁ ቆምኩ። እትዬ የሻረግን በሴቶች በኩል አየኋቸው። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ቀጥ ብለው ቆመው አስቀደሱ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። የላይ ሰፈር በቀኝ፣ የታች ሰፈር በግራ። ቄሱ በእጃቸው ጠሩኝ። ስብሰባ ላይ መናገር ሥራዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ያለ ወረቀት ቆምኩ።

«ደሳለኝ እባላለሁ» አልኩ። «ተራራውን ያስገዘትኩት እኔ ነኝ። በጥቅምት እመጣለሁ ብዬ ነበር። ረሳሁት። ደብዳቤያችሁም ደርሶኝ ነበር። ሳላነበው አስቀመጥኩት።»

ይህን ስል እትዬ የሻረግን ማየት ስላልቻልኩ መሬት መሬት አየሁ። ጩኸት ጠበቅኩ፤ ጩኸት አልመጣም። አንድ ሽማግሌ ከታች ሰፈር በኩል በምርኩዛቸው ተደግፈው ወደ ፊት ወጡ።

«ረስተኸው ነው?» አሉኝ። «እኛ እኮ ዕቅዱ ይሆናል ብለን ነበር። መንግሥት አንድ ነገር አስቦ ይሆናል፣ ምክንያት ይኖረዋል እያልን ነው የታገሥነው።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተግሣጽና ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ አንዱም እንደዚህ አልጎዳኝም።

ቄስ አድማሱ ሁለት ሰው ደግፏቸው ተቀመጡ። መስቀላቸውን ወደ ተራራው አነሡ፤ ክንዳቸው ስለዛለ ዲያቆኑ ክርናቸውን ያዘላቸው። ድምፃቸው ከፊት ላለነው ብቻ ነበር የሚሰማው። ግን ሁሉም ከንፈራቸውን ያይ ነበር። «በእኔ በኃጢአተኛው አንደበት የታሰረውን እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ወዲያው ድልድሉን በዕጣ እንድናወጣ ታዘዘ። ከላይና ከታች ሰፈር የተመረጡ ሦስት ሦስት ሽማግሌዎች ምልክት ያለበት እንጨት ጣሉ፤ እኔ የወጣውን እየጻፍኩ አነበብኩ። ሁለት ዓመት ያስጠበቅኳቸው ሥራ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ እንኳ አልፈጀም።

አንድ ችግር ቀረ። ቀኑ ሰንበት ነው፤ በሰንበት ማጭድ አይነሣም። ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

«ጉድጓድ የገባ በሬ በሰንበትም ይወጣል» አሉ። «ከብቱ የወደቀበት ሰው ብቻ ለዛሬ የሚበቃውን ይጨድ፤ የቀራችሁ ነገ። የሻረግ፣ ሂጂ ልጄ፤ አንቺ ቅደሚ።»

ሁሉም ዞሮ አያቸው። መንገድም ለቀቁላቸው። እሳቸው ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«ለሌሎቹ ይሁን፣ አባ» አሉ። «የእኔ ዶሮ ሲጮህ ሞተ።»

ሞቶ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት፣ እኔ የቄሱን ደረት እየተመለከትኩ ስቆም፣ እሳቸው የሞተውን በሬያቸውን ትተው መጥተው አስቀድሰዋል፣ የእኔን ኑዛዜ ሰምተዋል፣ አሜን ብለዋል። ለማንም አልነገሩም። መኳንንት ብቻ ያውቅ ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ቄሱ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይቅር በይኝ» አሏቸው። እትዬ የሻረግም «ይፍቱኝ» አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። አርባ ዓመት የቀረበው ሰው በሕዝብ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማንም ዝም በል አላለኝም፤ ማንም አላባበለኝምም።

ሰኞ ንጋት ላይ መላው ወንበሬ ማጭዱን ይዞ ወጣ። እትዬ የሻረግም ወጡ። ዕጣቸው ከቋጥኙ አጠገብ ደርሷቸው ነበር። ጎንበስ ብለው እንደማንኛውም ሰው ያጭዱ ጀመር። ሣሩ ሁለት ክረምት ስላለፈበት ግማሹ እንጨት ሆኗል፤ የሚመርጡትን እየመረጡ ነበር የሚያጭዱት። እኔም ማጭድ ለምኜ አጠገባቸው ገባሁ። እጄ ቶሎ አበጠ። ብዙ ቆይቼ፣ መጠየቅ እያሳፈረኝ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ለማን ነው የሚያጭዱት?»

ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ። «ለቦራ ነዋ። እሱ ከዳነ መኳንንት አንድ በሬ ፈልጎ ያቀናጀዋል፤ የእኔንም ማሳ ያርስልኛል። ካልበላ ሁለታችንም ጾማችንን አደርን።» ከዚያ ደግሞ ጥቂት አጭደው «ደብዳቤው ደርሶህ እንደነበር መንገድ ላይ አውቄብህ ነበር» አሉ።

«ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብጣላህ ትመለስ ነበራ» አሉኝ።

ቀትር ላይ እሳቸው አንድ ሸክም፣ እኔ አንድ ሸክም ይዘን ወረድን። ቦራ ከመኳንንት በር ላይ ቆሞ ነበር። ሣሩን መሬት ላይ ሳናወርደው ከእትዬ የሻረግ ጀርባ ላይ መዝዞ መብላት ጀመረ። እሳቸውም ሸክሙን ሳያወርዱ ጎንበስ እንዳሉ፣ እስኪጠግብ ቆሙለት።

ቄስ አድማሱ ሰኔ እስኪገባ ቆዩ። ዝናቡ በጣለ ሰሞን አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ። ምክር ቤቱ እንደገና ሲሰበሰብ ያንን የምኮራበትን ገጽ አውጥቼ ጣልኩት። በየተግባሩ አጠገብ ግን አንድ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ማን፣ መቼ ተመልሶ ይሄዳል?» የሚል። ኃላፊዬ «ይህ በቅጹ ላይ የለም» አለኝ። «አዎ፣ የለም» አልኩት። ዕቅዱ እንደ ሁልጊዜው በጭብጨባ ጸደቀ። ዓምዱን ከእኔ በስተቀር የሞላው ሰው እንዳለ ግን እጠራጠራለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም ቢሮ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። በክፋት የሚጎዳን ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ክፉ አልነበርኩም፣ ደክሞኝ ብቻ ነበር። አሁንም ይደክመኛል። ዝናቡም አልተስተካከለም፣ ወረቀቱም አልቀነሰም። ከእኛ የሚጠበቀው ሰማዩን ማስተካከል ቢሆን ኖሮ ተስፋ መቁረጥ ባልከፋ። ከእኔ ይጠበቅ የነበረው ግን በጥቅምት አንድ ቀን መንገድ መሄድ ነበር። መሳቢያችሁ ውስጥ ከጉዳዩ በታች ያላነበባችሁት ደብዳቤ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ አንብቡት። የሆነ ቦታ አንድ ሰው «ምክንያት ይኖራቸዋል» እያለ እየጠበቃችሁ ይሆናል።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ወንበሬ እወርዳለሁ። ድልድሉን አወጣለሁ፣ አዲሱ ቄስ ይፈታሉ። እትዬ የሻረግ እስከ ዛሬ ሌላ በሬ አልገዙም። ድርሻቸውን አጭደው ለመኳንንት በሬዎች ይሸከማሉ። እኔም ሁለተኛውን ሸክም ይዤ ከኋላቸው እወርዳለሁ።